ኅብረተሰብን ለማወቅ ከግቢው እንውጣ

በየዓመቱ ከአገራችን በነፃ የትምህርት ዕድል ወደዚህ ወደ ቤይሩት ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረገው አቀባበል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው፣ መዝገብ ቤቱና ምግብ ቤቱ የት እንደሆነ ይነገራቸዋል። መታወቂያ ይወጣላቸዋል። ስለ ፈተና ደንብና ስለ መኝታ ቤት ሥርዓት ማብራሪያ ይሰጣቸዋል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ከተማ፣ በከተማው ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ፣ ከዚያም ሕዝብ መካከል የእኛው የኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን ኑሮ በዚያ ማብራሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። ተማሪው ግቢውን ያውቃል፤ ግቢው የቆመበትን ኅብረተሰብ ግን አያውቅም።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ስናነሳ «ሐኪምን ከሶሲዮሎጂ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለት ነው። አንደኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ሁለተኛው ማኅበራችን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ሁሉ፣ የሚማሩት ሙያ ምንም ይሁን ምን፣ የኅብረተሰብ ጥናትን በማስተዋወቂያ ፕሮግራምና በመስክ ጥናት አማካይነት እንዲያስጀምራቸው ሐሳብ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሀ. የኅብረተሰብ ጥናት ከየት ተነሳ?

ሶሲዮሎጂ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በትርጓሜ ነው። የሰው ልጅ በኅብረት የሚኖርበትን ሥርዓት የሚመረምር ሳይንስ ነው ተብሎ በሰሌዳ ይጻፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ለፈተና ይሸመድዳል፤ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። የሙያው ታሪክ የሚያሳየው ግን ዕውቀቱ ሰው መካከል ገብቶ በማየትና በመጠየቅ የተገኘ መሆኑን ነው።

በ1332 በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኻልዱን በ1377 «ሙቀዲማ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ የተደገፈው በሌሎች መጻሕፍት ላይ ብቻ አልነበረም። በሰሜን አፍሪካ ቤተ መንግሥታት አገልግሏል፤ ታስሯል፤ ከዘላን ነገዶች ጋር ኖሯል፤ ተደራድሯል። «ዐሰቢያ» ብሎ የጠራው የወገን ትስስር መንግሥታትን እንደሚያቆም፣ ሲላላም እንደሚጥላቸው ያስረዳው በዓይኑ ያየውን ከታሪክ ጋር አገናዝቦ ነው። ዛሬ በምንማርበት በዓረቡ ዓለም የኅብረተሰብ ጥናት ሥር ከ600 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ማወቅ ለአዲስ ተማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ከአሜሪካ እንውሰድ። ዊልያም ዱ ቦይስ በ1896 ወደ ፊላደልፊያ ከተማ 7ኛ ወረዳ ገብቶ በዚያ የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ምን ይሠራሉ? ምን ያህል ይከፈላቸዋል? ለቤት ኪራይ ምን ያህል ያወጣሉ? ልጆቻቸው ይማራሉ ወይ? በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሠፈሩን ድህነትና ወንጀል የነዋሪዎቹ ተፈጥሮ አድርጎ ያይ ነበር። በ1899 የታተመው የዱ ቦይስ ጥናት ግን የችግሩ ምንጭ የባርነት ታሪክ፣ በቀለም ምክንያት የተዘጋ የሥራ በርና የተወደደ የቤት ኪራይ መሆኑን በቁጥር አሳየ። እንግዲህ የኅብረተሰብ ጥናት የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ነው። «የሰዎቹ ጠባይ ነው» ተብሎ የታለፈውን ነገር እንደገና ገልጦ ማየትን ያስተምራል።

ለ. ሐኪምን ምን አገባው?

በ1848 የፕሩሲያ መንግሥት በላይኛው ሲሌዢያ የተነሳውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲመረምር ሩዶልፍ ፊርኮ የተባለ ሐኪም ላከ። ፊርኮ ያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ የብዙዎቻችን እኩያ ማለት ነው። ለ3 ሳምንት ያህል በየመንደሩ ዞሮ የበሽተኞቹን ሰውነት ብቻ ሳይሆን የሚበሉትን ምግብ፣ የሚተኙበትን ቤት፣ የአገሩን አስተዳደርና የትምህርቱን ሁኔታ ጭምር መረመረ። ተመልሶ የጻፈው የመድኃኒት ማዘዣም የተለመደ አልነበረም። ሙሉ ዴሞክራሲ፣ በሕዝቡ በራሱ ቋንቋ በፖላንድኛ የሚሰጥ ትምህርት፣ መንገድ፣ የግብር ማሻሻያ ያስፈልጋል አለ። በሽታው የተያዘው በሰውነት ውስጥ ቢሆንም የተዘራው በኑሮው ውስጥ መሆኑን አይቷልና።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በሆስፒታል ትምህርታችን የበሽተኛን ታሪክ መቀበል እንማራለን። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይጠየቃል። በሥራ ትይዩ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው መስመር ይታለፋል። አንዲት ጨጓራዋን የሚያማት ኢትዮጵያዊት ብትመጣ «ይህን ኪኒን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ውሰጂ» ትባላለች። ትእዛዙ በመጽሐፉ መሠረት ትክክል ነው። ነገር ግን መቼ እንደምትበላ የምትወስነው እሷ ናት ወይ? ስንት ሰዓት ትተኛለች? የምትተኛውስ በራሷ ክፍል ነው ወይስ በኩሽና ወይስ በበረንዳ? ፓስፖርቷ በማን እጅ ነው? ኪኒኑ ሲያልቅ ብቻዋን ወጥታ ከፋርማሲ መግዛት ትችላለች ወይ? በካርዱ ላይ የሰፈረችው ቃል እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ዘግታ ይዛለች። ሶሲዮሎጂ የሚያስተምረን ያችን ቃል መክፈትን ነው።

ቃሏ ስትከፈት ከውስጧ የሚወጣው ሕግ ነው። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ከፋላ በተባለው አሠራር ደግሞ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤቱን ትታ ብትወጣ በአንድ ቀን ውስጥ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ይህን የማያውቅ ሐኪም «ለምን ቶሎ ወደ ሕክምና አልመጣሽም?» ብሎ ይቆጣል። የሚያውቀው ግን ጥያቄውን በሌላ መንገድ ይጠይቃል።

ነገሩ የኪኒን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አንድ መረጃ እንጥቀስ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በ2008 ባወጣው ጥናት ከጥር 2007 ጀምሮ በነበሩት 20 ገደማ ወራት ውስጥ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። ኤምባሲዎቻቸው ከሰጡት ምክንያት እንደሚታየው 40ው ራሳቸውን እንዳጠፉ ተቆጥሯል፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአሠሪዎቻቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ የነበሩ ናቸው። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። የሕክምናው መጽሐፍ የእነዚህን የ14ቱን ሞት ያስረዳን ይሆናል። የ64ቱን ሞት ለመረዳት ግን የሥራውን ውል፣ የተቆለፈውን በር፣ ያልተከፈለውን ደመወዝ ማጥናት ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም ራስን ማጥፋት የአንድ ሰው የግል ምሥጢር ብቻ እንዳልሆነ፣ መጠኑም ሰው ከኅብረተሰቡ ጋር ካለው ትስስር ጋር እንደሚያያዝ ያስረዳው በ1897 ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውም የሚታወቅ ነው። በ2019 የጀመረው የገንዘብ ቀውስ ከባድ በሆነበት በ2020 ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። በ2024ቱ ጦርነት ጊዜም አሠሪዎች ሲሸሹ ወደ ኋላ የቀሩ የቤት ሠራተኞች ጥቂት አልነበሩም። እነዚህ ሴቶች ከተማሪው መኝታ ቤት ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ የአገሩ ልጆች ናቸው።

ሐ. በአገራችን የነበረው ልምድ

ተማሪን ከትምህርት ክፍል አውጥቶ ኅብረተሰቡን እንዲያይ ማድረግ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ከ1953 እስከ 1961 መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪዎቹ ስለየትውልድ አገራቸው ወግና ልማድ እየጠየቁ ጽፈውበታል። ገና ዲግሪ ያልያዙ ወጣቶች የጻፉት ነገር ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ እንደገና ለመታተም በቅቷል። ከዚህ የምንረዳው የመስክ ጥናት የሊቃውንት ብቻ ሥራ አለመሆኑን ነው።

በጤናው ሙያ የጎንደርን ምሳሌ እንጥቀስ። በ1953 በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ከደረሰ በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። በዚያም ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚለውን መመሪያ ከመነሻው ይዞ፣ ተማሪዎቹ የመጨረሻውን ዓመት ሳይጠብቁ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር እንዲወጡ አድርጓል። አሠራሩ ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ቀጥሏል።

በብዛትም ወጥተናል። በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። በ1974 መጨረሻ የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አሠማርቷል። ሁለቱም ብዙ ወጣቶችን ከማያውቁት ሕዝብ ጋር አገናኝተዋል። ሆኖም በሁለቱም ተማሪው በዋናነት የተላከው ለማስተማር እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም። እኛ የምንለው የመስክ ጥናት ከዚህ ይለያል። ወደ ሕዝብ የሚወጣው ተማሪ መልስ ይዞ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይሂድ ነው የምንለው።

ጠይቆና አስተውሎ መሄድ ምን እንደሚያስገኝ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይመሰክራል። በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት አካባቢ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከተ። ልብስ አጣቢዎቹን ከቁም ነገር ባይቆጥር ኖሮ፣ ዓይኑን በወንዙ ላይ ብቻ ቢተክል ኖሮ፣ ነገሩ ባለፈው ነበር። በእንዶድ ላይ ለሠራው ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። የእንዶድን ኃይል መጀመሪያ በእጃቸው ይዘው የነበሩት ግን እነዚያ ሴቶች ነበሩ። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአገራችን ተረት ለሳይንስም ይሠራል።

መ. ምን ይደረግ?

ስለሆነም ማኅበራችን ከሚመጣው የትምህርት ዓመት ጀምሮ የ4 ሳምንት ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ ሐሳብ እናቀርባለን። አዲስ ገቢዎች ከ4 እስከ 5 ሆነው በቡድን ይከፈሉ። በአንድ ቡድን ውስጥ የሕክምናው፣ የምሕንድስናው፣ የእርሻውና የንግዱ ተማሪ ይቀላቀሉ፤ አንድ ነባር ተማሪም ይመድብላቸው።

በ1ኛው ሳምንት ቡድኑ ምንም ሳይጠይቅ በእግሩ ይዙር። ወደ ዶራና ወደ ቡርጅ ሐሙድ በእሑድ ቀን ወርዶ የኢትዮጵያውያንን ሱቆች፣ ገንዘብ መላኪያዎችን፣ ሰዎች የሚሰበሰቡባቸውን ቦታዎች ይይ፤ ከዚያም ካርታ ይሣል። ማን ከማን ጋር ይቀመጣል? ማን ቆሞ ያልፋል? የእሑድ ዕረፍት የሌላቸውስ የት ናቸው? በካርታው ላይ የማይታየው ሰው ከሚታየው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

በ2ኛው ሳምንት ሶሲዮሎጂ የሚያስተምሩ ወይም የተማሩ ሰዎች ተጋብዘው ስለ አጠያየቅ፣ ስለ ማስታወሻ አያያዝና ስለ ምሥጢር ጥበቃ ትምህርት ይስጡ። መልሱን አስቀድሞ የሚነግር ጥያቄና መልሱን የሚከፍት ጥያቄ ምን ያህል እንደሚለያዩ ተማሪው እርስ በርሱ ተጠያይቆ ይሞክረው። «ተበድለሻል አይደለም?» ማለትና «ከጠዋት እስከ ማታ ቀንሽ እንዴት ይውላል?» ማለት አንድ አይደሉም።

በ3ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቡድን አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ ይያዝ። ለምሳሌ እኅቶቻችን እቁብ የሚጥሉት እንዴት ነው? ዳኛው ማን ነው? ደመወዟ የቀረባት አባል ምን ይደረግላታል? አንዲት እኅት ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ ገንዘቡ እንዴት ይዋጣል? ስትታመም መጀመሪያ የምትነግረው ለማን ነው? እንደነዚህ ያሉት ጥያቄዎች ትንሽ ይምሰሉ እንጂ ሥልጣን፣ መተማመን፣ ድህነትና ዝምድና የሚባሉት ትላልቅ የሶሲዮሎጂ ርእሶች የሚገኙት በውስጣቸው ነው። ተማሪው ወደ መጽሐፉ የሚገባው ከዚህ በኋላ ቢሆን ትርጓሜውን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ያየውን ስም ያገኝለታል እንጂ።

በ4ኛው ሳምንት የተገኘው ውጤት በአማርኛ ተጽፎ በመጀመሪያ ለተጠየቁት ሰዎች ይነበብ። «ይህ ልክ ነው፤ ይህ ልክ አይደለም» የማለት መብት የእነሱ ነው። ታርሞ ሲያልቅ በዚህ መጽሔት ይውጣ።

ሠ. ሊነሱ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

«ጊዜ የለንም» የሚል ይኖራል። የሕክምና ትምህርት ጊዜ እንደማይሰጥ ከማንም ይልቅ እኛ እናውቃለን። የምንጠይቀው ግን 4 ቅዳሜና እሑድ ነው። በዚያ ጊዜ የሚገኘው ዕውቀት በሽተኛ ፊት በቆምንበት ዘመን ሁሉ ያገለግለናል።

«ሰውን እንደ ሙዚየም ዕቃ መመልከት ነውር ነው» የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ያላት ሴት ያችን ቀን ለተማሪ ጥያቄ የመስጠት ግዴታ የለባትም። ስለዚህ ደንቡ ጥብቅ መሆን አለበት። ፈቃደኛ ያልሆነችን ማንም አይጠይቅ። ስም፣ የአሠሪ ስም፣ አድራሻ አይጻፍ። ፎቶግራፍ አይነሳ። ከአሠሪዋ ቤት የወጣችን ሰው ያለችበትን ቦታ የሚጠቁም አንዲት ቃል እንኳ በማስታወሻ ውስጥ አትግባ፤ አንዲት ቃል ለእስር ልትዳርጋት ትችላለችና። ለሳይንስ መጽሔት የሚታሰብ ጥናት ቢኖር በየዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻ ይሠራ። ማንም ተማሪ ሊፈጽመው የማይችለውን ተስፋ አይስጥ።

እዚህ ላይ የማይዘነጋ ነገር አለ። ከእነዚህ እኅቶች ብዙዎቹ የከተማውን ዓረብኛ ከእኛ በተሻለ ይናገራሉ። የአውቶቡሱን መስመር፣ የገበያውን ዋጋ፣ ማን እንደሚረዳና ማን እንደሚያታልል ያውቃሉ። በመስክ ጥናቱ አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው፤ ተማሪዎቹ እኛ ነን። እነሱን የምንጠራውም በ«መረጃ ሰጪነት» ሳይሆን በእኅትነት ይሁን።

ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ አገራችን ተመልሰን እንሠራለን። በዚያ የሚጠብቀን ኅብረተሰብ በ2003 ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወዲህ ከ30,000 በላይ ሴቶች ቤት ለቤት ዞረው ያወቁት ኅብረተሰብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእያንዳንዱን ቤት ውኃ፣ መጸዳጃና ምድጃ በምታውቅበት ቀበሌ፣ ባሕር ማዶ የተማረው ዶክተር ከካርዱ ሌላ የማያውቅ ቢሆን ድግሪው በሽተኛውን ምን ይጠቅመዋል? ሰውን የመጠየቅ ልማድ በምረቃ ቀን ከካባው ጋር አይሰጥም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መለመድ አለበት።

የማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳው ውስጥ እንዲያስገባ፣ የሶሲዮሎጂና የሕዝብ ጤና ተማሪዎችም ፕሮግራሙን ለማርቀቅ እንዲተባበሩ እንጠይቃለን። የሕክምና ተማሪዎች በቡድን መሪነት ለማገልገል ዝግጁ ነን።

ከግቢው እንውጣ! እንጠይቅ! ያገኘነውንም ለባለቤቶቹ እንመልስ!